ስለ ማዕድ ሥርዐትና ስለ ሹካ አያያዝ

(የቤተ ክርስቲያናችን የኢዮቤልዩ በዓል ሲዘጋጅ በነቀምት ለሰበካ ጉባኤው አባላት፥ ለካህናቱና ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች የተነገረ)



ለበዓሉ ቀን ምሳ በተመከረ ጊዜ ከወጣቶቹ ወገን አንድ ዐሳብ ቀርቦ ነበር። ከሩቅ የሚመጡ እንግዶች ስላሉ መሶቡ ቀርቶ ጠረጴዛ ይዘርጋ፤ ሳሕንና ሹካ፥ ቢላዋም ይቅረብ የሚል ነው። ከሽማግሌዎቹ ወገን ግን፥ እኛ ሹካ መያዝ አናውቅም፤ በልጆቻችን ፊት ከምናፍር በየቤታችን ብንቀር ይሻለናል የሚል ቃል ተሰማ። ዛሬ እንድናገር ያስገደደኝ ይህ ኹለተኛው ቃል ነው። ሰው በሹካ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያኑ በዓል የሚቀር ከኾነ ነገሩ የጠረጴዛ ነገር ብቻ አይደለምና።

በመዠመሪያ፥ የማዕድ ሥርዐት ከንቱ ነው፤ ልብ ንጹሕ ከኾነ ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ ይህን ቃል አልቀበለውም። ጠቢቡ ሲራክ በመጽሐፉ ስለ ማዕድ ሲያስተምር፥ ባልንጀራህ ወደሚመለከተው ምግብ እጅህን አትዘርጋ፤ የጎረቤትህን ስሜት ከራስህ ስሜት ዕወቅ፤ ከኹሉ አስቀድመህ መብላትህን አቁም እያለ ምክሩን በዝርዝር አስቀምጦልናል። ይህን ያህል የደከመበት ነገር ከንቱ ሊኾን አይችልም። ቅኔ የተማረ ሰውም ወርቅ ያለ ሰም መልክ እንደማይዝ ያውቃል። የእጅ መታጠቡ፥ የመቀመጡ፥ የመቍረሱ ሥርዐት ሰሙ ነው፤ ወርቁ ባልንጀራን ማክበር ነው። ሰሙን የናቀ ሰው ወርቁን በምን ሊያፈስሰው ነው?

ስለ ሹካው ግን ታሪኩን ብታውቁ የምትደነግጡበት ነገር የለም። ዛሬ ሹካ የሥልጣኔ ምልክት የኾነላቸው አውሮፓውያን ራሳቸው ለብዙ ዘመን አያውቁትም ነበር። በ11ኛው ምዕት ዓመት ከቍስጥንጥንያ ወደ ቬኒስ የተዳረች አንዲት ልዕልት ምግቧን በጣቷ ሳትነካ በወርቅ ሹካ እየወጋች ትበላ ነበርና፥ ጴጥሮስ ዳሚያኒ የተባለው የሮማ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ ይህን እንደ ትዕቢትና እንደ ቅንጦት ቈጥሮ ነቅፎ ጽፎባታል። ቶማስ ኮርያት የተባለ እንግሊዛዊ መንገደኛም በኢጣልያ አገር ሹካ ማየቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ እንግዳ ነገር አድርጎ ተርኳል፤ ልማዱንም ይዞ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ወዳጁ ተሣልቆበታል። እንግዲህ አንዱ ዘመን በሹካ የበላውን ሲነቅፍ፥ ሌላው ዘመን በእጁ የበላውን ነቀፈ።

አያያዙም ቢኾን አንድ አይደለም። አውሮፓዊው ሹካውን በግራ፥ ቢላዋውን በቀኝ ይዞ ይበላል። አሜሪካዊው ግን ሥጋውን ከቈረጠ በኋላ ቢላዋውን አኑሮ ሹካውን ወደ ቀኙ ያዛውራል። በእኛ አገር፥ በኦሮሞውም በአማራውም ዘንድ፥ ለምግብ የተሰጠው እጅ ቀኝ ነው፤ በግራ መጉረስ ነውር ነው። ስለዚህ ከጊምቢ ወይም ከነጆ የመጣ አንድ ሽማግሌ ሹካውን ወደ ቀኙ ሲያዛውር ብታዩ፥ የራሱን ሥርዐት ጠበቀ እንጂ ስሕተት አላደረገምና አትሣቁበት።

ማንኪያስ ለወለጋ ሰው መቼ እንግዳ ኾኖ ያውቃል? ማርቃው በአንድ ገበታ ሲቀርብ መካከሉ ተጐድጕዶ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል። በዙሪያው የተቀመጠው ኹሉ በየማንኪያው ከፊቱ ካለው ጠርዝ እየቈረሰ ወደ መካከሉ ያጠቅሳል። ጠርዙን ንዶ ቅቤው ወደ እርሱ ብቻ እንዲፈስ ያደረገ ሰው ስግብግብ ይባላል፤ ሕፃን እንኳ ቢኾን ይገሠጻል። (በመስቀል ሰሞን የሚቀርበውን አንጮቴ በሹካ መውጋት ይቻላል፤ ጣዕሙ ግን በዚያ ምክንያት ሲጨምር አላየሁም።) ቢላዋም የእኛው ነው፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላው ሰው ሙዳውን በጥርሱ ይዞ ከከንፈሩ አጠገብ ሲቈርጥ ያየ የውጭ አገር እንግዳ ይፈራል እንጂ አይንቅም። በቤተ ክርስቲያናችንም ዲያቆኑ ክቡር ደሙን የሚያቀብለው በዕርፈ መስቀል ነው፤ ከዚህ ማንኪያ የሚበልጥ ማንኪያ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል?

ይህን ስል የቀድሞው ኹሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ግቢ ግብር ሲገባ ሰው በየማዕረጉ ተራ በተራ ይጠራ ነበር፤ ታላላቆቹ በልተው ሲነሡ ታናናሾቹ ይገቡ ነበር። በዚህ በነቀምትም የደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ፥ በክርስትና ስማቸው የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ ግቢ ዛሬም ቆሞ ይጐበኛል። የዚያን ዘመን ሰው ከማን በላይ፥ ከማን በታች እንደሚቀመጥ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። እንዲህ ያለው ሥርዐት ከባልንጀራ ይልቅ ሹመትን የሚጠብቅ ነበርና እርሱ ቢቀር አላዝንም። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ከመኳንንቱ ጋራ ወደ አውሮፓ ተጕዘው በነገሥታቱ ማዕድ በተቀመጡ ጊዜም የሰውን አገር ሥርዐት በሰው አገር አክብረዋል። ወደ ሌላው ቤት የገባ እንዲህ ያድርግ። በእኛ ቤት ግን ማን እንግዳ፥ ማን ባለቤት እንደ ኾነ አንርሳ።

አኹን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የመሶብ ሥርዐት በመሠረቱ የማካፈል ሥርዐት ነው። ከፊትህ ካለው ብላ፤ ወደ ማዶ አትሻገር፤ ሥጋውን ለብቻህ አትልቀም፤ ታላቅህ ሳይዠምር አትዠምር፤ ባልንጀራህ ሳይጠግብ አትነሣ የሚባለው ኹሉ ድርሻን ለመጠበቅ የቆመ ነው። ለቅኔ ትምህርት በጎጃም በነበርኩ ጊዜ በየአኵፋዳችን ለምነን ያመጣነውን ቍራሽ በአንድነት አፍስሰን እንበላ ነበር። በእኛ ጉባኤ የታመመ ተማሪ ድርሻ አስቀድሞ ይነሣ ነበር፤ ሹካ አልነበረንም፤ ዳሩ ግን አንድም ሰው ሳይደርሰው አያድርም። ሳሕን ሲመጣ እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ብቻ ያያል። ቡፌም ሲመጣ ፊተኛው ሰው ሳሕኑን እንደ ተራራ ይከምራል፤ ከሰልፉ መጨረሻ የቆመችው መበለት ወጥ ያለቀበት ድስት ትደርሳለች። ሹካውን ግን ኹሉም አሳምሮ ይዞታል! ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የወቀሳቸው በዚህ አይደለምን? አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክራል፤ ስለዚህ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ ብሎ መከራቸው። ስለ ዕቃው አንዳች አላለም።

በአንዲት የወለጋ ከተማ በተደረገ ሰርግ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ሳሕንና ሹካ ተሰጣቸው። እንጀራውን በሹካው ለመጠቅለል ጥቂት ከደከሙ በኋላ በእጃቸው ሊበሉ ዘወር ብለው የሚያስታጥብ ሰው ፈለጉ፤ አላገኙም። በአጠገባቸው የነበረ ወጣት፥ ሹካና ቢላዋውን እንደ ደንቡ የያዘ፥ ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ አነሣቸውና ለጓደኛው እያሳየ ሣቀ። እኒያ እናት ሳሕኑን ከወንበሩ ሥር አኑረው ሳይበሉ ሄዱ። የማዕድን ሥርዐት ከኹለቱ ማን እንዳፈረሰ ለመፍረድ ቅኔ መማር አያስፈልግም።

ልጆቼ፥ ሹካ መያዝን ተማሩ፤ ለሥራም ለጕዞም ይጠቅማችኋል። ለአያቶቻችሁም በፍቅር ብታሳዩአቸው ነውር የለበትም። ነገር ግን ማስታጠቢያ ይዞ ጐንበስ ብሎ ለሽማግሌ ውኃ ማፍሰስን ከረሳችሁ የጐደለባችሁን ሹካው አይሞላላችሁም።

ስለዚህ ለበዓሉ ቀን የማቀርበው ዐሳብ ይህ ነው። በአዳራሹ በአንድ ወገን ጠረጴዛ ይዘርጋ፤ በሌላው ወገን መሶብ ይቅረብ፤ ሰው ወደ ወደደው ይቀመጥ። በየሳሕኑ አጠገብ ከሹካው ጋራ ማንኪያም ይኑር። ሰልፍ አይደረግ፤ ምግቡ በተቀመጡበት ይታደል፤ አዳዮቹም እንደ ማኅበር ሙሴ ኹሉን አዳርሰው በኋላ ይብሉ። ከገጠር በእግራቸው የሚመጡ አረጋውያንና በደጀ ሰላም የሚቀመጡ ነዳያን በመዠመሪያው ማዕድ ይግቡ። እኛ ካህናቱ፥ በየድግሱ ቦታችን አስቀድሞ ስለሚያዝልን፥ በዚህ ቀን በመጨረሻው ማዕድ እንቀመጥ፤ ስለ ራሴ እሺ ብያለሁ፤ የቀሩት አባቶች ተመካክረው ይንገሩን። መሶብ የምታውሰን እናት ለሰበካ ጉባኤው ታሳውቅ። ማስታጠቢያውን የሚይዙ ዐሥራ ኹለት ወጣቶችም ያስፈልጋሉና ፈቃድ ያላችሁ ዛሬ ከዚህ ሳትወጡ ስማችሁን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ጸሓፊ አስጽፉ።