ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ



ፀሐይ ስትጠልቅ በጣራ ላይ ያለው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ሥራውን ያቆማል፤ በገጠር ጤና ኬላ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠው ክትባት ግን ሌሊቱን ሁሉ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፡፡ ስለዚህ ቀን የተገኘው ኃይል በባትሪ ተጠራቅሞ ማታ ይወጣል፡፡

በተለመደው አሠራር ለሰሌዳው፣ ለባትሪውና ለማቀዝቀዣው ለየብቻቸው ለዋጭ መሣሪያ ይቆምላቸዋል፡፡ የድሮ ነጋዴ በየኬላው ቀረጥ ይከፍል እንደ ነበረ፣ ኃይሉም በእያንዳንዱ ሲያልፍ ጥቂት ጥቂቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል፡፡ እያንዳንዱ ከመቶ 95 ቢያሳልፍ፣ 100 ዋት ሦስቱን ሲሻገር 86 ዋት ያህል ይቀራል፡፡

ባለ ብዙ በር ለዋጭ የሚባለው መሣሪያ ይህን ጉዞ ያሳጥረዋል፡፡ አንደኛው ዓይነት በአንድ እምብርት ላይ ሦስት የሽቦ ጥቅሎች የተጠመጠሙበት ትራንስፎርመር አለው፡፡ የሰሌዳው በር መግቢያ ብቻ ሲሆን፣ የባትሪው በር መግቢያም መውጫም ነው፡፡ በየበሩ ያሉት ትራንዚስተሮች በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይከፈታሉ፤ ይዘጋሉም፡፡ የሚያስደንቀው፣ የአንዱ በር ምት ከሌላው በጥቂቱ ቢቀድም ኃይሉ ከቀደመው ወደ ዘገየው መፍሰሱ ነው፡፡

ነቀፌታ የለበትም ግን አንልም፡፡ በሮቹ የተሳሰሩ በመሆናቸው ደመና ሲያልፍ የሰሌዳው መዋዠቅ ለሌሎቹ ይተርፋል፤ ለዚህም ጥንቁቅ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል፡፡ ይበልጥ የሚያሳስበን ጥገናው ነው፡፡ ከሦስት መሣሪያዎች አንዱ ቢበላሽ እርሱን ብቻ መለወጥ ይቻላል፤ ይህኛው ሲቆም ግን ሁሉም ሊቆም ይችላል፡፡ ባለሙያ በቅርብ በማይገኝበት አገር፣ ገዢው ዋጋውን ከመጠየቁ አስቀድሞ ስለ መለዋወጫው ይጠይቅ፡፡