መጽሐፍ የሚሰቀልበት፣ መጽሐፍ የሚቆምበት



የተሰጠኝ ርእስ «የመጻሕፍት መደርደሪያ ለአንባቢ ቤት» የሚል ነው። ዕድሜዬን የገፋሁት በብራና ጥገና ላይ ስለሆነ፣ መደርደሪያ ከማያውቁ መጻሕፍት ብጀምር አትቀየሙኝም።

የአገራችን ጥንታዊ መጽሐፍ ይሰቀል ነበር። ብራናው በእንጨት ገበታ ተጠርዞ ቆዳ ከለበሰ በኋላ፣ በልኩ በተሰፋ ማኅደር ውስጥ ይገባል። ማኅደሩ ከወፍራም ቆዳ የተሠራ ነው፤ ክዳን አለው፤ ከጎኑ ረጅም ጠፍር ተያይዞለታል። ባለቤቱ መንገድ ሲሄድ በጠፍሩ ትከሻው ላይ ያነግተዋል፤ ሲደርስ በዚያው ጠፍር ግድግዳው ላይ ካለው ኩላብ ይሰቅለዋል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሮበርት ከርዞን እ.ኤ.አ. በ1837 ግብፅ ውስጥ፣ ዋዲ ናትሩን ወደሚገኘው የሶርያውያን ገዳም ሲገባ፣ በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት መጻሕፍታቸውን እንዲሁ ሰቅለው አግኝቷቸዋል፤ ባንድ ኩላብ ሦስትም አራትም። በ1849 ያሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የክፍሉን ሥዕል ጭምር ይዟል። ከአገራቸው ርቀው በረሃ ሲገቡም ይህን ልማድ አለመተዋቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብራና ቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የሚጫነው ካጣ ይጣመማል። ጠበቅ ያለው ማኅደር ከየጎኑ አቅፎ ይይዘዋል። መሰቀሉ ደግሞ ከምስጥ፣ ከአይጥና ከወለል እርጥበት ያርቀዋል። ለጥገና ከሚመጡልኝ መጻሕፍት መካከል ማኅደራቸው የጠፋው ብዙውን ጊዜ ዳርቻቸው የተበላ፣ የፊትና የኋላ ቅጠላቸው የተቆላመመ ነው።

በቅርቡ አንድ ትንሽ ዳዊት ደርሶኝ ነበር። ማኅደሩን ገልብጬ ስመለከት ጠፍሩ ኩላቡን የሚነካበት ቦታ ከመፋተግ ብዛት እንደ ቀንድ ለስልሷል። ሁለት ቦታ ላይ ተቀጥሏል፤ አንዱ ቅጥል የበግ ቆዳ፣ ሌላው ወፈር ያለ የበሬ ቆዳ፣ ስፌታቸውም የተለያየ ሰው እጅ ነው። ዳዊቱን የደገሙበት ሰዎች የሚያርፍበትንም እየጠገኑ ለተከታዩ አስረክበዋል። ከመካከላችሁ የአያቱ ዳዊት ቤቱ ያለ ሰው ካለ፣ እባካችሁ «ማኅደሩ አርጅቷል» ብላችሁ አትጣሉት፤ ለጠጋኝ አሳዩት።

እነዚያ ሰዎች ማኅደሩን ሲሠሩ ያሰቡት መጽሐፉን የሚያጠፋው ምንድን ነው፣ ወዴትስ ይጓዛል ብለው ነው። እኛ ሳሎናችንን ስናሰናዳ የምናስበው ስለ ግድግዳው ነው። ትልቁን ግድግዳ ቡፌ ይይዘዋል፤ መጽሐፍ ከብርጭቆና ከቴሌቪዥን በተረፈው ቦታ ይወሸቃል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ጉዞን ካነሣን የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰንን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1814 የእንግሊዝ ጦር የአሜሪካ ኮንግረስን ቤተ መጻሕፍት አቃጠለ። በማግሥቱ ዓመት ጄፈርሰን 6,500 ያህል መጻሕፍቱን ለኮንግረሱ ሸጠ። መደርደሪያዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ የሚነባበሩ የእንጨት ሣጥኖች ስለነበሩ ፊታቸው ላይ ሳንቃ ተመታና መጻሕፍቱን እንደያዙ በጋሪ ተጫኑ። ኪራይ በጨመረ ቁጥር ዕቃውን ሸክፎ ለሚነሣ የአዲስ አበባ አንባቢ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ማንኛውም አናጢ ይሠራዋል፦ አራት ሳንቃ፣ አንድ ጀርባ፣ በሁለቱ ጎን እጀታ። መጽሐፉ ሳይወጣ ቤት ይቀየራል።

አስተናባሪዋ ሰዓቴን እያሳዩኝ ነው፤ ርእሱ የጠየቀውን እንግዲህ በፍጥነት ልበለው።

አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ ቁመቱ 21፣ ወርዱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል፤ ሳንቃው 30 ከሆነ ከኋላ ሌላ ረድፍ ይገባና ይረሳል። አንድ ሜትር ሙሉ መጽሐፍ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። በመጽሐፍ የተሞላ ሳንቃ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱ 16 እጥፍ ይጨምራል፤ ስለዚህ በችፑድ የምታሠሩ ከ70 ሴንቲ ሜትር በላይ ያለ ድጋፍ አታስኬዱት። የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ክፍት ነው፤ ሸክሙን በሙሉ ለፊሸር አትስጡት። መደርደሪያው በእግሩ ይቁም፣ ብሎኑ እንዳይዘምም ብቻ ይያዘው። ክረምት ላይ አየር እንዲገባበት ከግድግዳው አራት ጣት ይራቅ። ወለል ሲታጠብ ውኃ እንዳይደርስበትም የታችኛው ሳንቃ ከፍ ይበል።

ቦታ የለንም ለምትሉ፦ ከበር በላይ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው፤ መተላለፊያውም 20 ሴንቲ ሜትር አያጣም። ጀርመናዊው ንድፍ አውጪ ዲተር ራምስ እ.ኤ.አ. በ1960 የነደፈው 606 የተባለው መደርደሪያ ግድግዳ ላይ በተተከለ የአሉሚኒየም ሐዲድ የሚሰቀል ነው፤ ባለቤቱ ሲሄድ ነቅሎ ሌላ ቤት ይተክለዋል። የኛ ብረት ሠሪዎች ተመሳሳዩን ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

የልጆችን መጽሐፍ ግን ስቀሉት። ከወፍራም ሸራ ማንገቻ ያለው ኪስ ይሰፋ፣ ኩላቡ በልጁ ደረት ልክ ይመታ፣ የመጽሐፉ ሽፋን ወደ ውጭ ይታይ። ልጁ ራሱ ያወርደዋል፤ ሲያሻው አንግቶት ጎረቤት ይሄዳል። የኪሱን ልክ ነድፌ አምጥቻለሁ፤ የምትፈልጉ ስንጨርስ ከጠረጴዛው ላይ ውሰዱ።