የአንጀት ካንሰር ምርመራና የሐኪሞቻችን አነጋገር

(በሲልቨር ስፕሪንግ የሰፈራችን ነዋሪዎች ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴው የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴያችን ዛሬ ያነሣው ጉዳይ ገበታ ላይ የማይወራ ነው፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ፖሊፕ ከሚባል፣ በአንጀት ግድግዳ ላይ ከሚበቅል ትንሽ እብጠት ነው። ይህ እብጠት ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ዐሥር ዓመት ያህል ሊፈጅ ይችላል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ባለቤቱን ላያመው ይችላል። ስለዚህ ሳያም መመርመር ያስፈልጋል። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው መመሪያ ከ45 እስከ 75 ዓመት ዕድሜ ያለው ሰው ሁሉ እንዲመረመር ይመክራል።

መንገዱ ታዲያ አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛው ኮሎኖስኮፒ ነው። ሐኪሙ ካሜራ ባለው ቱቦ አንጀትን ያያል፣ ፖሊፕ ካገኘም እዚያው ቆርጦ ያወጣል፤ ንጹሕ ከሆነ እስከ ዐሥር ዓመት አይደገምም። ነገር ግን ከዋዜማው ጀምሮ ፈሳሽ ብቻ እየጠጡ አንጀትን በመድኃኒት ማጠብ አለ (ኮሶ እየጠጣ ላደገ ሰው ብርቅ አይደለም)፤ ከሥራ መቅረት አለ፤ በማደንዘዣው ምክንያት ወደ ቤት የሚወስድ ሰው መፈለግ አለ። አልፎ አልፎም መድማት፣ በጣም ጥቂት ጊዜ ደግሞ የአንጀት መበሳት ያጋጥማል። ሁለተኛው ኤፍ አይ ቲ የሚባለው ነው። በቤት ውስጥ ትንሽ ዓይነ ምድር በተሰጠ ዕቃ ተወስዶ ይላካል፤ በዓይን የማይታይ ደም እንዳለ ይፈተሻል። በየዓመቱ መደገም አለበት፤ ደም ከተገኘም ኮሎኖስኮፒው ግድ ነው።

ብዙ ሐኪሞች ግን ኮሎኖስኮፒውን ብቻ አዝዘው ያሰናብታሉ። ታካሚውም «እሺ» ብሎ ይወጣና ይቀራል። በሳን ፍራንሲስኮ 997 ሰዎች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ኮሎኖስኮፒ ብቻ ከተመከሩት በዓመት ውስጥ የተመረመሩት 38 ከመቶ ነበሩ፤ የዓይነ ምድር ምርመራ ከተመከሩት 67 ከመቶ፤ ምርጫ ከተሰጣቸው 69 ከመቶ። እኛ ከዚህ የምንረዳው ታካሚው ሰነፍ አለመሆኑን ነው።

በስዊዘርላንድ የቮ ካንቶን እ.ኤ.አ. በ2015 በተጀመረው ፕሮግራም ተመርማሪው ከቤተሰብ ሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ሐኪሞችም ለዚህ ሥልጠና ተሰጥቷቸዋል። ሥልጠናው ሐኪምን አዲስ መድኃኒት የሚያስተምር አይደለም፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሁለቱን መንገዶች ሳያዳላ እንዲያቀርብ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሐኪምም ሰው ነው፣ ለራሱ የሚመርጠውን ለሌላው ያዝዛል።

እኛ አበሾች ዘንድ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ሐኪሙ «የትኛውን ይመርጣሉ?» ሲለን «እርስዎ ያውቃሉ ዶክተር» እንላለን፤ አክብሮት ነዋ! ሐኪሙ ግን የታክሲ ነጂ አንድ ቀን ሲቀር ምን እንደሚያጣ፣ ብቻዋን የምትኖር እናት ማን እንደሚያመጣት ከየት ያውቃል? ስለዚህ የሠለጠነ ሐኪም መልሱን ተቀብሎ ዝም አይልም፤ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት፣ ስለሚያስፈራን ነገር ይጠይቃል። ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ ስለ ዓይነ ምድር ማውራትም አይሆንም፤ እናት ታፍራለች፣ ልጁም ግማሹን ይውጠዋል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት፤ አማርኛ ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ይለያል። እናት፣ አባት ወይም ወንድምና እህት በዚህ ካንሰር የታመመበት ሰው ምርመራውን ቀደም ብሎ ሊጀምር ይገባል፤ ብዙውን ጊዜም የሚመከርለት ኮሎኖስኮፒው ነው። ደም ያየ ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ደግሞ ምርጫውን ሳይጠብቅ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

በአካባቢያችን ላሉ ክሊኒኮች ሐኪሞቻቸውን በዚህ እንዲያሠለጥኑ የሚጠይቅ ደብዳቤ አዘጋጅተናል። ከዚህ ሰሌዳ አጠገብ ተቀምጧል፤ አንብባችሁ ፈርሙበት፣ የጐደለ ካለም በኅዳጉ ጻፉበት።