የተመራማሪ ሥራ በምን ይመዘናል?



ሚዛን የሌለው ገበያ ጠብ አያጣውም፤ ሚዛኑ የተዛባ ገበያ ግን ከጠቡም የከፋ በደል ይገኝበታል። ዛሬ የምንነጋገርበት ሚዛን እህልና ቡና የሚመዘንበት አይደለም፤ የኅብረተሰብን ሥርዓት የሚያጠና ሊቅ ሥራው የሚገመትበት ነው። ከእናንተ መካከል የማዕርግ ዕድገት የሚወስን፣ ለጥናት ገንዘብ የሚፈቅድ፣ ስለ ቆላው አገር የቀረበለትን ምክር በሥራ ላይ የሚያውል አይታጣምና፥ ነገሩ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም።

በዓለም የተለመደው ሚዛን ቍጥር ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ፥ አንዱ ጸሐፊ የሌላውን ሥራ ስንት ጊዜ እንደ ጠቀሰ የሚያሳይ መዝገብ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1964 ለተፈጥሮ ሳይንስ፣ በ1973 ደግሞ ለኅብረተሰብ ሳይንስ አወጣ። በ2005 ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ኤች ኢንዴክስ የሚባለውን ስሌት ጨመረበት። አሠራሩም ቀላል ነው፤ አንድ ሰው አምስት ጽሑፎች ቢኖሩትና 40፣ 12፣ 4፣ 3 እና 1 ጊዜ ቢጠቀሱለት፥ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሦስት ጊዜ የተጠቀሱ ሦስት ጽሑፎች ስላሉት፣ አራት አራት ጊዜ የተጠቀሱ አራት ጽሑፎች ግን ስለሌሉት፥ ውጤቱ 3 ይሆናል። እንግዲህ አንድ ታላቅ መጽሐፍ ብቻ የጻፈ ሰው፥ መጽሐፉ ሺህ ጊዜ ቢጠቀስለትም፥ ውጤቱ ከ1 አያልፍም።

ይህን ይዘን ወደ ቦረና እንሻገር። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቦረና መካከል ተቀምጠው የገዳን ሥርዓት አጠኑ። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ እንደሚተላለፍ፣ ልጅም ከአባቱ 40 ዓመት ዘግይቶ በአባቱ እርከን ላይ እንደሚደርስ መርምረው፥ ይህ ሕግ በትውልዶች ብዛት ላይ የሚያስከትለውን ውጤት በኮምፒዩተር ጭምር ፈተኑ። መጽሐፋቸው በ1973 ታተመ፤ የኦሮሞን ዴሞክራሲ የሚመለከተው ሌላው መጽሐፋቸው ደግሞ በ2000 ወጣ። በሁለቱ መካከል 27 ዓመታት አሉ። በየዓመቱ አጫጭር ጽሑፍ የሚቈጥር ሚዛን እንዲህ ያለውን የዝግታ ድካም አጥርቶ አያይም።

ስለ ትብብርም ያው ነው። ቈጣሪው የትብብር መለኪያ አድርጎ የሚወስደው በሽፋን ላይ የተጻፈውን ስም ነው። ነገር ግን የቦረናን የዘመን ታሪክ በቃል ጠብቀው ለአስመሮም የነገሯቸው እንደ አሬሮ ራመታ ያሉ ሽማግሌዎች ባይኖሩ፥ መጽሐፉ ባልተጻፈም ነበር። በቱላ ጥልቅ ጕድጓዶች ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውሃውን እጅ ለእጅ ይቀባበላሉ፤ በገንዳው አጠገብ የቆመውን ብቻ ውሃ ቀጂ ብሎ የሚመዘግብ ጸሐፊ ግን ተሳስቷል። በዚያው ስፍራ ተራውን የሚቈጣጠር አባ ሄሬጋ አለ። ሄሬጋ ማለት ቍጥር ነው፤ ነገር ግን ቍጥሩ ተራ ለመዳኘት የቆመ እንጂ በራሱ ዳኛ አይደለም።

የቍጥር ጥቅም የለም ማለታችን ግን አይደለም። ያለ ቍጥር ዝምድናና አድልዎ ቦታውን ሊይዙት ይችላሉ። ሆኖም የመጠቀስ ልማድ ከሙያ ሙያ ይለያያል። በ1994 በአዲስ አበባ የታተመው፥ ስለ ቦረና አምባ ግጦሽና ከብት የተካሄደውን የብዙ ተመራማሪዎች ሥራ የሰበሰበው የላይን ኮፖክ መጽሐፍ ከአንድ ሰው የሥርዓት ጥናት ጋር በአንድ ስፍር አይሰፈርም። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ የተጻፈም ከመዝገቡ ብዙውን ጊዜ ይቀራል። ደግሞም መዝገቡ ጸሐፊው የተጠቀሰው ለምስጋና ይሁን ለነቀፋ አይለይም። በ2015 የወጣው የላይደን መግለጫ ቍጥር የአዋቂን ፍርድ ይደግፍ እንጂ አይተካው፣ ለአካባቢ የሚጠቅም ምርምርም ይጠበቅ ብሎ የመከረው ስለዚህ ነው። የገዳ ሥርዓት በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር፥ ይህ ክብር በማንም ተመራማሪ ኤች ኢንዴክስ ላይ አንዲት ነጥብ አልጨመረም።

ስለዚህ፥ ክቡራን አንባብያን፥ የአንድ ተመራማሪ መዝገብ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ ቍጥሩን እዩ፤ ነገር ግን በዚያ አትቁሙ። ከሙያ ጓደኞቹና ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር አመዛዝኑት፤ ከሥራዎቹ አንዱን እንኳ አንብቡ፤ ከማን ጋር ሠርቶ ማንን እንዳመሰገነ መርምሩ። በመጨረሻም ጥናቱ ወደ ነጌሌ ቦረና፣ ወደ ያቤሎና ወደ ሞያሌ ተመልሶ፥ ዕውቀታቸውን ለለገሡት ሰዎች ደርሶ እንደ ሆነ ጠይቁ። በተዛባ ሚዛን ተመዝኖ የተጣለ ጥናት ጕዳቱ በጸሐፊው ላይ ብቻ አይቀርም፤ የቱላን ሕግ ሳያውቅ ጕድጓድ የሚያስቈፍር ሹምና ግጦሹን ያጣው አርብቶ አደር አብረው ይከፍሉታል።