ከደኑ ሳንቆርጥ ከመንገዱ እንጠቀም

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)





የግብርና ሠራተኛ መድረክ ላይ ሲወጣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር እንደሚያወራ ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን የምናገረው ስለ ብስክሌት ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ ይታየኛል። እስከ መጨረሻው ስሙኝና የሚያስቅ ከሆነ አብረን እንስቃለን።

በኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር ሰዎች በእረፍት ቀን ማለዳ አልፎ አልፎ የምናየው ነገር አለ። ሄልሜት ያጠለቁ ወጣቶችና የውጭ አገር ሰዎች፣ ጎማው ወፍራም በሆነ ብስክሌት ከአየር ጤና በዓለም ገና በኩል ወደ ሰበታ፣ ከዚያም ወደ ወጨጫ ተራራ ያቀናሉ። አንድ አባታችን ይህን አይተው፣ «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች አቀበቱን ብስክሌት እየገፉ የሚወጡት ምን በድለው ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። አልበደሉም። እኛ ድካም የምንለውን አቀበት፣ ለእኛ ተራ የሆነውን የጽድ ሽታና ንጹሕ አየር ፈልገው ነው የሚመጡት። ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን አውጥቶ የሚፈልገው ነገር ደግሞ ሀብት ነው። ጥያቄው የማን ሀብት ይሆናል? የሚለው ነው።

ስፖርቱ አዲስ እንግዳ አይደለም

የተራራ ብስክሌት እንደ ስፖርት የተጀመረው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ነው። ወጣቶች አሮጌ ብስክሌት ጠጋግነው ቁልቁለት መውረድ ጀመሩ። በ1996 እ.ኤ.አ. በአትላንታ ኦሎምፒክ ውስጥ ገባ። እኛም ከብስክሌት ጋር ሩቅ አይደለንም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞቻችንም ነበሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

በቅርባችን ያለውን እንመልከት። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ከአገራችን ጥንታዊ ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ከፍ ሲል ደግሞ አስታ ይገኝበታል። ጉሬዛና ድኩላም ይኖሩበታል። ተራራው ከ3 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በሰሜን በኩልም እንጦጦ ፓርክ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ሲመረቅ የብስክሌት መንገድ ተሠርቶለት፣ ብስክሌት እየተከራየ የሚነዳበት ቦታ ሆኗል። የከተማው ሰው ደን ውስጥ ብስክሌት መንዳት እንደሚፈልግ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

መንገዱ የእርከን ሥራ ነው

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ቁልቁል ቀጥ ብሎ የሚወርድ የከብት መንገድ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ። በመጀመሪያው ክረምት ቦይ ይሆናል፤ በሦስተኛው ቦረቦር ሆኖ የጎረቤትን ማሳ ይበላል። ብስክሌትም በዘፈቀደ ከተነዳ እንዲሁ ነው። ጎማው የተወው ቀጭን መስመር የጎርፍ መንገድ ይሆናል።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በጎማው ላይ አንጫን። በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሞንታና የተደረገ ጥናት የፈረስ ኮቴ፣ የሰው እግርና ጎማ በመንገድ ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት አነጻጽሮ፣ ኮቴና እግር ከጎማ የበለጠ አፈር እንደሚያላቅቁ አሳይቷል። ስለዚህ ወሳኙ በመንገዱ ላይ የሚሄደው ብቻ ሳይሆን የመንገዱ አሠራር ጭምር ነው።

የደን ብስክሌት መንገድ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚከተሉት ሕግ ለእርከን ከምንከተለው ብዙ አይርቅም። አንደኛ፣ መንገዱ ተዳፋቱን ተሻግሮ ይሂድ እንጂ ቁልቁል አይውረድ፤ የመንገዱ ቁልቁለት ከተራራው ጎን ቁልቁለት ግማሹን አይለፍ። ሁለተኛ፣ በአማካይ በ100 ሜትር ርዝመት ከ10 ሜትር በላይ አይውረድ። ሦስተኛ፣ የመንገዱ ወለል ወደ ታችኛው ጎን በጥቂቱ ያዘንብል፤ ውሃው ተበትኖ ይሻገራል እንጂ በመንገዱ ላይ አይሮጥም። አራተኛ፣ መንገዱ በየመሐሉ ትንሽ ሽቅብ እያለ ውሃውን ያራግፍ። አምስተኛ፣ መሬቱ ጭቃ ሲሆን መንገዱ ይዘጋ። ሐምሌና ነሐሴ ዋልካው ጎማ ሲይዝ መንዳት ለነጂውም ለአፈሩም አይበጅም።

እናቶቼና አባቶቼ፣ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ገመድና የውሃ ልክ ይዛችሁ እርከን የሠራችሁ እናንተ ናችሁ። ለዚህ ሥራ ከውጭ ባለሙያ ማስመጣት ብዙም አያስፈልግም። ሙያው በእጃችሁ ነው።

ሌሎች እንዴት ተጠቀሙ?

በባሌ ተራሮች አቅራቢያ በአዳባና ዶዶላ የሆነውን ልንገራችሁ። በዚያ በደኑ ውስጥ የሚኖሩ ገበሬዎች «ዋጂብ» በተባለ የደን ነዋሪዎች ማኅበር ተደራጁ። ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ተሰልቶ፣ አንድ ማኅበር ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ማኅበሩ ደኑን ይጠብቃል፤ በምትኩ የመጠቀም መብቱ በውል ይረጋገጥለታል። ከዚሁ ጋር ጎብኚዎች በፈረስ ተራራውን የሚዞሩበት ጉዞ ተዘጋጀ። አስጎብኚው፣ ፈረስ አከራዩና ማደሪያውን የሚጠብቀው የአካባቢው ሰው ሆነ። እዚያ ፈረስ የሠራውን ሥራ እዚህ ብስክሌት ሊሠራው ይችላል።

ሕጉም በር ከፍቷል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን አውቆታል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ደግሞ አብረን ሠርተን አብረን የምንከፋፈልበትን መንገድ ደንግጓል።

ምን እናድርግ?

ለዩኒየኑ አመራርና ለኃላፊዎች አራት ሐሳብ አቀርባለሁ።

መናገሻ ሱባ ራሱን የቻለ አስተዳደር ያለው የመንግሥት ደን ነው፤ ያለ ፈቃድ አንድ አካፋ አፈር ማንሣት አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ውይይቱ ከደኑ አስተዳደርና ከአጎራባች ገበሬዎች ጋር ይሁን። ሁለተኛ፣ ብስክሌት የሚያልፍበትና የማያልፍበት ይለይ። የእህል ማሳ፣ የከብት ማጠጫና የምንጭ ዳር አይነካ። ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበት መንገድ ላይ ነጂው ፍሬን ይዞ እንዲያልፍ ምልክት ይተከል። ሦስተኛ፣ ወጣቶቻችን በመንገድ ጥገና፣ በብስክሌት ጥበቃና ጥገና፣ በመንገድ መሪነት ይሰልጥኑ። እናቶች ደግሞ ቡናቸውን፣ ቆሏቸውንና አምባሻቸውን በተወሰነ ቦታ ይሽጡ። በማገዶ ሸክም ጀርባዋ የጎበጠ እናት ከቆመ ዛፍ ገቢ ካገኘች፣ ከእርሷ የበለጠ የደን ጠባቂ አናገኝም። አራተኛ፣ የሚሰበሰበው ክፍያ በደረሰኝ ይሁን፤ ከእርሱም የመንገዱ ጥገና ወጪ በቅድሚያ ይነሣ፤ የቀረው በጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ይከፋፈል።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር አለብኝ። ብስክሌት የጤፍን፣ የአትክልትንና የወተትን ቦታ አይተካም። ነጂው በእረፍት ቀን ብቻ ይመጣል፤ ክረምት ይቀራል፤ ጸጥታ ከታወከም አይመጣም። በዚህ ተስፋ ማሳውን የሚተው ሰው ቢኖር እኔ ራሴ እቃወመዋለሁ። ይህ በጎን የሚመጣ ገቢ ነው። ጥቅሙ ግን ከብሩ ይሰፋል፦ ባሕር ዛፉን ሳይደርስ ለመቁረጥ የሚቸኩለው ሰው እንዲታገስ፣ ጽዱን በሌሊት የሚቆርጠውም በጎረቤቱ ዓይን እንዲታይ ያደርጋል።

ዝም ብንልም ብስክሌቱ አይቀርም። ያለ ሥርዓት ይመጣል፤ መንገዳችን ቦረቦር ይሆናል፤ ገቢው ብስክሌትና መኪና ላለው አስጎብኚ ይሄዳል፤ ለእኛ የሚተርፈን አቧራውና ከነጂ ጋር መጨቃጨቅ ነው። ተደራጅተን ከቀደምን ግን ደንቡን የምናወጣው እኛ ነን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ብሂል ይህ ዩኒየን በማዳበሪያና በእህል ግብይት አይቶታል። አሁን ደግሞ በአንዲት ቀጭን የደን መንገድ እንሞክረው። ለመነሻ አንድ ኮሚቴ ተመርጦ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ክረምቱ እንዳለፈ፣ ውሃው የት እንደሄደና የት እንደቦረቦረ በእግሩ ተጉዞ እንዲያጣራ አሳስባለሁ። የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም የውሃ ልካችንን ይዘን አብረን እንወጣለን።