ከማሸታችን በፊት እንጠይቃለን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የስፖርት ማሳጅ ቡድን አባላት ካቀረቡት ንግግር)



ስፖርት ማሳጅ ልንማር ነው ስንል «ማሳጅ ቤት ልትከፍቱ ነው?» ብላችሁ የደነገጣችሁ ነበራችሁ። አንፈርድባችሁም፤ ስሙ በከተማችን ተበላሽቷል። ማሸት ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን አራስ በቅቤ ሲያሹ አይተን አድገናል። የእግር ኳስ ቡድኖችም ያለ ወጌሻ አይወጡም።

ዛሬ ከእንጦጦ ሮጠው የሚመለሱ ልጆች ወደ እኛ ይመጣሉ። ዳገቱ ባታቸውን፣ ቁልቁለቱ ጭናቸውን ያደክመዋል። በመዳፋችን ቀስ ብለን ጀምረን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ እናሻለን። ለውድድር ዋዜማ ጠንካራ ማሳጅ አንሰጥም።

ማሳጅ የጡንቻን ሕመም ያስታግሳል፣ ሰውነትን ያፍታታል። «ላክቲክ አሲድ ያወጣል» የሚባለው ግን ልክ አይደለም፤ ሯጩ ካረፈ እሱ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ራሱ ይጠፋል።

ያጠፋነውንም አንደብቃችሁም። ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ሯጭ ቅልጥሟን አንድ ቦታ ላይ እያመማት መጣች። «ጠንከር አድርጋችሁ እሹኝ» አለችን። ሦስት ቀን አሸናት። በአራተኛው ቀን እያነከሰች መጣች። ሐኪም ቤት ስትመረመር አጥንቷ ተሰንጥቆ ተገኘ። ሐኪሟ ስትጠይቃት የወር አበባዋ ከቀረ ሰባት ወር እንደሆነው ተናገረች። ክብደት ልቀንስ ብላ ምግብ ቀንሳ ኖሯል። አሠልጣኟ ወንድ ስለሆነ አፍራ አልነገረችውም። እኛ ሴቶቹ ደግሞ አልጠየቅናትም።

ሰው ብዙ እየሮጠ ጥቂት ከበላ ሰውነቱ መቆጠብ ይጀምራል። በሴት ልጅ ላይ የወር አበባ ሊቀር ይችላል፤ አጥንትን የሚጠብቀው ሆርሞንም አብሮ ይቀንሳል። «ልምምድ ስለበዛ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ስለዚህ አሁን ዘይት ከመንካታችን በፊት እንጠይቃለን። የሚያምሽ ሰፊ ቦታ ነው ወይስ በአንድ ጣት የምታሳዪው ነጥብ? ዛሬ ምን በላሽ? የወር አበባሽ በጊዜው ይመጣል? አንደኛው ባት ብቻ አብጦ የሚሞቅ ከሆነም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ፈጽሞ አንነካውም። መልሱ ካሳሰበን ሒሳብ ሳንቀበል ወደ ሐኪም እንልካለን። ለገቢያችን ጉዳት ነው፤ የልጅ እግር ግን ይበልጣል።

ደጋፊዎቻችን፣ ሁለት የማሳጅ አልጋና መጋረጃ ገዝታችሁልናል። እውነቱን ለመናገር ከአልጋው ይልቅ የጠቀመን መጋረጃው ነው። ልጆቹ ለማንም ያልነገሩትን እዚያ ሆነው ይነግሩናል።

እህቶቻችን፣ የምትሮጥ ልጅ ያለቻችሁ እኛ ጋ እስክትመጣ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ራት ላይ ቀስ ብላችሁ ጠይቋት።

ያቺ ልጅ ወራት አርፋ፣ በደንብ በልታ፣ ሐኪሟ ፈቅዳላት እንደገና መሮጥ ጀምራለች። አሁንም ትመጣለች፤ ሳንጠይቃት ቀድማ ትነግረናለች።