አጥር የሌለው ሜዳ፦ የሸራ ጀልባ ውድድርን ከውሃ ላይ መመልከት ስለ ሕግ ምን ያስተምረናል?



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። የሕግ መምህር፣ ያውም የባሕር በር በሌለው አገር የሚኖር፣ ስለ ጀልባ ውድድር ምን ብሎ ይናገራል? መልሴ አጭር ነው። ተመልካችን ከተወዳዳሪ የሚለይ አጥር በሌለበት ቦታ ሕግ እንዴት እንደሚሠራ ማየት የሚሻ ሰው ከዚህ የጠራ ምሳሌ በቀላሉ አያገኝም።

ውድድሩ የካውዝ ሳምንት ይባላል። የሚካሄደው በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍና በዋይት ደሴት መካከል በተዘረጋው፣ ሶለንት በሚባለው የባሕር ሰርጥ ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1826 ሲሆን፣ ሰባት ጀልባዎች 100 ፓውንድ ለሚያወጣ የወርቅ ዋንጫ ተወዳደሩ። እ.ኤ.አ. በ1851 በዚያው ደሴት ዙሪያ በተደረገ ሌላ ውድድር አሜሪካ የተባለችው ጀልባ ድል አድርጋለች፤ በዓለም የታወቀው የአሜሪካ ዋንጫም ስያሜውን ያገኘው ከእርሷ ነው። ዛሬ በካውዝ ሳምንት በመቶ የሚቆጠሩ ጀልባዎች በየምድባቸው ተከፍለው ይሰለፋሉ። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ካሠራው የባሕር ዳር ምሽግ ፊት ለፊት ትናንሽ የናስ መድፎች ሲተኮሱ፣ አንዱ ምድብ በሌላው እግር እየተተካ ይነሣል።

እኔ ይህን ያየሁት ለምርምር በዚያ አገር በቆየሁበት ወቅት፣ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በትንሽ የሞተር ጀልባ ተሳፍሬ ነው። ባልደረባዬ ከወደቡ ከመውጣታችን በፊት የመንሳፈፊያ ጃኬት አስለበሰኝና አንድ ሥራ ሰጠኝ፤ ወደ ኋላ ማየት። እርሱ የፊቱን፣ እኔ የኋላውን እንድንጠብቅ ተስማማን። «ተመልካች» ተብዬ ሄጄ የመጀመሪያው የሥራ ድርሻዬ ጥበቃ ሆነ።

ምክንያቱ ብዙም ሳይቆይ ግልጽ ሆነልኝ። የሸራ ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋሱ መምጫ መሄድ አይችልም። ነፋሱን ወደ አንድ ጎን አድርጎ፣ ኋላም ዞሮ በሌላኛው ጎን እየተቀበለ፣ በእባብ አካሄድ ይጓዛል። አሁን ከእናንተ እየራቀ የሚሄደው ጀልባ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዞሮ ፊት ለፊታችሁ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ጀልባው አሁን ያለበትን ብቻ ሳይሆን ሊዞር የሚችልበትንም ማሰብ ግድ ነው።

ከዚህም በላይ፣ መመልከት ራሱ የሚታየውን ነገር ይለውጣል። የሞተር ጀልባ ከኋላው የሚተወው ሞገድ፣ ነፋሱ ደካማ በሆነ ቀን የተወዳዳሪውን ጀልባ አናውጦ በሸራው የያዘውን ነፋስ ሊያስጥለው ይችላል። ትልቅ የተመልካች መርከብ በነፋሱ መምጫ በኩል ከቆመ ነፋሱን ይጋርዳል። በስታዲየም ሺህ ሰው ቢጮኽ ኳሷ አቅጣጫ አትቀይርም፤ በባሕር ላይ ግን አንድ ተመልካች ሳያስበው የአንድን ቡድን የወራት ልፋት ሊያበላሽ ይችላል። በመስክ ጥናት ላይ ያላችሁ ተመራማሪዎች ይህን በሚገባ ታውቁታላችሁ። በሰዎች መካከል የሚገባ አጥኚ፣ አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ፣ መገኘቱ ብቻ የራሱን ሞገድ ያስነሣል።

እንግዲህ ወደ ሕጉ ልምጣ። ተወዳዳሪዎቹ እርስ በርስ የሚተዳደሩበት የውድድር ደንብ አላቸው። ተወዳዳሪና ተመልካች ሲገናኙ ግን የሚሠራው በባሕር ላይ ግጭትን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ነው። በዚህ ደንብ ፊት ውድድር ላይ መሆን በራሱ የተለየ ሥልጣን አያሰጥም። በመደበኛው ሁኔታ የሞተር ጀልባ ለሸራ ጀልባ መንገድ ይለቃል፤ ሁለት የሸራ ጀልባዎች ነፋሱን በተለያየ ጎን ሲቀበሉ፣ ነፋሱ በግራው የሚመጣበት መንገድ ይለቃል።

የደንቡ ጥልቅ ብልሃት ግን ሌላ ነው። ለማንም የቅድሚያ መብት አይሰጥም፤ ለሁሉም ግዴታ ያከፋፍላል እንጂ። አንዱ መንገድ የመልቀቅ ግዴታ አለበት፤ ሌላው ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ሳይለውጥ የመሄድ ግዴታ አለበት፣ መንገድ የሚለቀው ወገን እንዲተማመንበት። የመጀመሪያው ብቻውን ግጭቱን ሊያስቀር ወደማይችልበት ደረጃ ከተደረሰ፣ ሁለተኛውም ግጭቱን ለማስቀረት የተቻለውን ማድረግ አለበት። «ተራው የእኔ ነበር» ማለት ብቻውን ከተጠያቂነት አያድንም።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሐሳብ አይደለም። ሶለንት የሳውዝሀምፕተን ወደብ መግቢያም ነው። ግዙፍ መርከቦች ብራምብል በተባለው የአሸዋ ደለል ዙሪያ በጠባብ መተላለፊያ ይታጠፋሉ። በዚያ ርዝመቱ ከ150 ሜትር በላይ ለሆነ መርከብ፣ ከፊቱ 1000 ሜትር፣ ከጎንና ጎኑ 100 ሜትር ለትናንሽ ጀልባዎች የተከለከለ ክልል ነው፤ ክልሉም ከመርከቡ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዚሁ ሳምንት አንዲት ተወዳዳሪ የሸራ ጀልባ ከአንድ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጨች፤ ሸራዋም በመርከቡ መልህቅ ተያዘ። ሰው አልሞተም፤ የጀልባዋ አዛዥ ግን በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ ተቀጣ። ከክሱ ነጥቦች አንዱ ተገቢውን ቅኝት አለማድረግ ነበር። ሞተር ለሸራ መንገድ ይለቃል የሚለው ደንብ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ እንደማያድን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ከመተላለፊያው ወጥቶ መታጠፍ የማይችል መርከብ ሲመጣ፣ መታጠፍ የሚችለው ይርቃል።

ውድ ተማሪዎች፤ እኛ ሕግን ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ «መብቱ የማን ነው?» ከሚል ጥያቄ እንነሣለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መብቱን የተነጠቀ ሰው ሌላ መጠጊያ የለውም። ነገር ግን በተጨናነቀ ውሃ ላይ፣ በተጨናነቀ መንገድና በተጨናነቀ ከተማም ጭምር፣ ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ «አደጋውን ለማስቀረት የሚችለው ማን ነው?» የሚል። ማናችንም ከዳር ቆመን የምናይ ብቻ አይደለንም፤ የቆምንበት ስፍራ ራሱ ከሌላው ነፋስ ላይ ድርሻ ይወስዳል። ሕግ ተማሪ ከዚህ ግቢ ሲወጣ የሚጠብቀውን መብት ብቻ ሳይሆን የሚያስነሣውን ሞገድም ማወቅ ይኖርበታል።